ላም የሌለበት ቤት

የእህቴን ቤት የነደፈው ሰው አይደለም። ውርጭ ነክቶት የማያውቅ፣ ጉልበቱን ቆርጥሞት የማያውቅ፣ ተቀምጦ የሚነሳበት መቀመጫ እንኳ የሌለው ነገር ነው የነደፈው። አሁን አሁን ሬዲዮው «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ይለዋል። አስተውሎት! እኔ በዚህ አገር ሠላሳ ዓመት ድንጋይ በድንጋይ ላይ ስደረድር አስተውሎት ያለው ሰው ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው፤ እነሱ ግን ሣጥን ውስጥ አገኘነው ይላሉ። ያኔ ይህ ስም ገና እኛ ዘንድ አልደረሰም ነበር። የእህቴ ልጅ «ፕሮግራሙ» ትለዋለች። እኔ «ያ ነገር» እለው ነበር፤ ዛሬም የተሻለ ስም አላወጣሁለትም።

ግንበኛ ነኝ። ደባርቅ ውስጥ ካሉት የድንጋይ ቤቶች ቀጥ ብለው የቆሙትን እኔ ሠርቻለሁ፤ ያዘመሙትን ሌሎች ናቸው የሠሯቸው። ደርግ መሠረተ ትምህርት ብሎ ሰው ሲሰበስብ ገደል ለገደል የሸሸሁ ሰው ነኝ፤ ፊደል የሰነፍ ሥራ ይመስለኝ ነበር። ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመት በኋላ ዳባት ላይ አንድ ትምህርት ቤት ስንሠራ ግን ዋጋዬን አገኘሁ። ፕላን የሚሉትን ወረቀት በሁለት እጄ ዘርግቼ፣ ግንባሬን ቋጥሬ፣ የገባው ሰው መስዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ኢንጂነር ከኋላዬ መጣና «ጋሼ፣ ገልብጠው ይዘውታል» አለኝ። ከጭቃ አቡኪዎቹ አንዱ «ተወው፣ ከጣራው ሊጀምር ነው!» ብሎ ጮኸ። እስከ ምሳ ሳቁ። ከምሳ በኋላም ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ነው፣ አርባ ዓመት ካለፈኝ፣ ፊደል የቆጠርኩት። ያስተማረችኝ የታላቅ እህቴ ልጅ ናት። እናቷ ከደባርቅ በላይ፣ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ መንደር ውስጥ ስለምትኖር፣ ልጅቷ እኔ ቤት ተቀምጣ ነበር የምትማረው፤ ያኔ አራተኛ ክፍል ናት። በሲሚንቶ ከረጢት ጀርባ ላይ በከሰል እየጻፈች ታስጠናኛለች። ርኅራኄ የሚባል የላትም። የቃል ጽሕፈት ስታጽፈኝ፣ «የሰሙትን ይጻፉ፣ ያልሰሙትን አይጨምሩ» ትላለች። ከራሴ አንዲት ቃል የጨመርኩ እንደሆነ ሁሉንም ታስደግመኛለች። ሁለት ክረምት ፈጀብኝ። በሦስተኛው ዓመት የትኛውንም ፕላን በየትኛው በኩል እንደሚያዝ አውቅ ነበር።

ልጅቷ አደገች፤ አዲስ አበባ ሄዳ የቤት ንድፍ ተማረች፤ ከዚያ ውጭ አገር ሁለት ዓመት ቆይታ ተመለሰች። አንድ ቀን ደባርቅ እኔ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ጠየቅኋት።

«ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው አሁን?»

«ቤት መንደፍ ነው። ግን ብቻዬን አይደለሁም፤ ኮምፒውተሩ ቤት እንዲነድፍ አስተምረዋለሁ።»

«እንግዲያ አርክቴክት ነሽ ወይስ የኮምፒውተር ሰው?»

«ከሁለቱም ነኝ፤ መካከል ላይ።»

«በቅሎ ነሽ በይኛ። ፈረስም አይደለሽ፣ አህያም አይደለሽ።»

«ታዲያ አጎቴ፣ ሰሜን ተራራን የሚወጣው ፈረስ ነው እንዴ?»

ይህን ነገሯን እወድላታለሁ፤ የቀረውን ግን አላመንኩም። ያ ነገር እንዴት እንደሚማር ስትነግረኝ ደግሞ ይበልጥ ናቅሁት። አንድ ቤት ታሳየዋለች፣ ስፋቱን፣ የግድግዳውን ውፍረት፣ በሩ የዞረበትን አቅጣጫ፣ ስንት ሰው እንደሚያድርበት ትነግረዋለች፤ ቀጥሎ ሌላ ቤት፣ ቀጥሎ ሌላ። ብዙ ቤት ከበላ በኋላ የአገሩን ሰው አኗኗር ራሱ ያውቀዋል፣ ከዚያ ተነስቶ አዲስ ቤት ይነድፋል። እንግዲህ እኔና ያ ነገር የአንድ አስተማሪ ተማሪዎች ነን። ልዩነታችን፣ እኔ ስሳሳት ታስደግመኝ ነበር፤ እሱ ሲሳሳት ግን ሰው ተሰብስቦ ያጨበጭብለታል።

ሥራውን የሚያሠራት አንድ ድርጅት ነው፤ ለደጋው ሰው የሚስማማ ቤት ነድፈን እናሠራለን የሚል። አለቃዋ ፈረንጅ ነው፤ ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ካማርኛ «በጣም ጥሩ» የምትለዋን ብቻ የያዘ። ጉድጓድ ብታሳየው በጣም ጥሩ፣ ቁንጫ ብታሳየው በጣም ጥሩ። ቤት የሚለካና ቅጽ የሚሞላ የአገሩን ሰው የሚያውቅ ግንበኛ ፈልገው ስለ ነበር እሷ እኔን ጠራች። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። በወረቀት የተሳቀብኝ ሰው ወረቀት ይዤ በየሰው ደጅ ልቆም ነው። ከዳባት ዙሪያ ጀምሬ፣ በደባርቅ አድርጌ፣ እስከ አምቢኮ በበቅሎም በእግሬም ወደ ሁለት መቶ ቤት ለካሁ። ጽሕፈቴ ቆንጆ ነው፤ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው።

ቅጹ ላይ «በቤቱ ውስጥ የሚያድሩ ከብቶች ብዛት» የምትል መስመር አለች። ውሸቱ ሁሉ የተሰገሰገው እዚያች መስመር ላይ ነው።

ላገሩ እንግዳ ለሆነ ሰው ልንገር። በኛ ደጋ ከብትና ሰው ባንድ ጣራ ሥር ነው የሚያድረው። ባንድ ወገን መደብ አለ፣ ከመደቡ ማዶ በእንጨት የተከለለ ጋጣ፣ እዚያ ላም፣ ጥጃ፣ በግ፣ አንዳንዴም አህያ። በታኅሣሥ ውርጭ ቤቱን የሚያሞቀው እሳቱ አይደለም፤ እሳት እንጨት ይፈልጋል፣ እንጨት የለም። የሚያሞቀው የከብቱ ትንፋሽ ነው። ይህን የማያውቅ የደጋ ሰው የለም። ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሰውና ከብት ተለይቶ ይደር የሚል ትምህርት መጣ። ትምህርቱ አይከፋም። የኛ ሰው ግን ትምህርቱን ተቀብሎ ከብቱን አላወጣም፤ ትምህርቱን ተቀብሎ መዋሸት ጀመረ። ወረቀት የያዘ ሰው ብቅ ሲል ከብቱ በጓሮ ይነዳል፣ አዛባው ላይ ሣር ይነሰነሳል፣ ጋጣው ላይ ጋቢ ይጋረዳል።

ዳባት አጠገብ አንዱን ባለቤት፣ «ቤት ውስጥ ከብት ያድራል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ኧረ በስማም! እኛ ሞዴል ነን» አለና በሩ ላይ የለጠፈውን ወረቀት አሳየኝ።

ከጋቢው ጀርባ እምቧ የሚል ድምፅ መጣ።

«ይህ የሚጮኸው ማነው?»

«ጎረቤት ነው።»

«ጎረቤትዎ እምቧ ይላል?»

«ጉንፋን ይዞት ነው» አለ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

«የለም» ብዬ ጻፍኩ።

አምቢኮ ደግሞ ከሩቅ ስወርድ አይተውኝ፣ ስደርስ መንደሩ ውስጥ አንዲት ጠቦት የለችም፤ በየቤቱ ግን አዲስ ሣር ተጎዝጉዟል፣ ሁሉም ያን ቀን ሠርግ ያለበት ይመስል። አንድ ቄስ ቤት ገባሁ።

«ግብር ነው?» አሉኝ።

«አይደለም አባ።»

«እርዳታ ነው?»

«እሱም አይደለም። ቤት ለመንደፍ ነው።»

ጥቂት አሰቡና፣ «እንዲያ ከሆነ ምን ብንል ይሻላል?» አሉኝ።

ምን ብንል ይሻላል! እውነቱ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አላጋጠመኝም። ሁሉም የሚጠይቀው የትኛው መልስ እንደሚያዋጣ ነው። እኔም የሰማሁትን ጻፍኩ፤ የለም፣ የለም፣ የለም። እንዲህ ነው የተማርኩት አልኩ ለራሴ። ውስጤን ካያችሁት ግን ሌላ ነገር ነበር። ንቄአቸው ነበር። ይበላቸው፣ በውሸታቸው የሚሠራላቸውን ቤት ይኑሩበት አልኩ።

ከዚያ እህቴ ቤት ደረስኩ።

እህቴ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ያላት አንዲት ላም ናት፣ ቀንደ ሰፊ፣ ቀይ ዳማ። ቤቷ አርጅቷል፤ ባለፈው ክረምት ያንዱ ወገን ግድግዳ ሆዱን ነፍቶ፣ በሦስት የባሕር ዛፍ አጣና ደግፌው ነበር። የሚቀጥለውን ክረምት እንደማይሻገር እኔም እሷም እናውቃለን። ድርጅቱ ለሙከራ የመጀመሪያውን ቤት የሚሠራው ለእሷ እንዲሆን ልጇ ለምና አስፈቅዳለች። ስለዚህ ይቺ ቅጽ ከሌሎቹ ሁሉ የተለየች ናት፤ የእህቴ ቀሪ ዕድሜ የሚያልፍበት ቤት ከሷ ነው የሚወጣው።

መደቡ ላይ ተቀምጬ ጠየቅኋት። ላሚቱ ከጀርባዬ ታመሰኳለች፤ ትንፋሿ አንገቴን ይነካኛል።

«ቤት ውስጥ የሚያድር ከብት?»

«ሌላው ሰው ምን አለ?» አለችኝ።

«ሌላውማ የለም ነው የሚለው።»

«እኔም የለም በልልኝ።»

«እቴ፣ ይቺስ?»

«እሷን ማን ጠየቃት? ይህን ወረቀት ፈረንጆቹ ያነቡታል። የዚያች ልጅ እናት ከላም ጋር ታድራለች እንዲሏት ነው የምትፈልገው? ወንድሜ፣ የለም ብለህ ጻፍ።»

ጻፍኩ።

በየካቲት የእህቴ ልጅ ላፕቶፗን ይዛ ወጣች። ላሚቱ ያን ቀን ጎረቤት ሄዳለች፤ ሁልጊዜም ልጅቷ ስትመጣ እንደዚያ ነበር። ላፕቶፑን መደቡ ላይ አስቀምጣ አንዲት ቁልፍ ነካች፤ እኔ አፍንጫዬን ተናፍጬ ሳልጨርስ አሥራ አራት ቤት ተነደፈ። እኔ አንድ ቤት ለማሰብ ቦታው ላይ ሦስት ቀን እቀመጣለሁ፤ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ጎርፉ በየት እንደሚወርድ አያለሁ። ያ ነገር አሥራ አራቱን ወለዳቸው፣ አንዱም አላማጠውም። ቀደም ብላ ቢሮዋ ውስጥ እነዚሁኑ አስነድፋ፣ ከአሥራ አራቱ አንዱን ከአለቃዋ ጋር መርጣዋለች። ጠበብ ብሎ ረዘም ያለ፣ ግድግዳው ቀጭን፣ ወደ ገደሉ የዞረ የበር ያህል መስኮት ያለው።

«ይህ መስኮት ለማን ነው?» አልኩ።

«ለእማዬ ነዋ። ገደሉን ታይበታለች።»

«ገደሉን ስድሳ ዓመት አይታዋለች።»

«ፀሐይም ያስገባላታል አጎቴ። ፕሮግራሙ የፀሐዩን ሙቀት ያሰላል።»

«ግድግዳው ለምን ሳሳ? ቤቱስ ለምን ጠበበ?»

«ጋጣ ስለሌለው ነዋ። ይዩት፤ እርስዎ ከሞሏቸው ቅጾች ውስጥ ከብት ቤት ውስጥ የሚያድርበት የለም ማለት ይቻላል።» ፊቷ በርቷል። «እኔ ልጅ ሆኜ እንዲህ አልነበረም። ሰዉ ተለውጧል እኮ! ያላሰብኩትን ነው ፕሮግራሙ ያሳየኝ።»

እህቴን አየኋት። እህቴ ምድጃውን አየች። መናገሪያው ሰዓት ያ ነበር። «ልጄ፣ ሰዉ አልተለወጠም፣ ውሸታም ነው የሆነው፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ግን በወረቀት አንድ ጊዜ ተዋርጃለሁ፤ ባስተማረችኝ ልጅ ፊት ሁለተኛ አልዋረድም አልኩ። ስለ መስኮቱ ብቻ ተጨቃጨቅሁ። ስለ መስኮት መጨቃጨቅ ይቀላል።

አሮጌውን ቤት አፈረስን፤ ድንጋዩና እንጨቱ ለአዲሱ ስለሚያስፈልግ ወደ ኋላ መመለሻ የለም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሠራሁ። እንደ ወረቀቱ ሠራሁት፤ አንዲት ጣት አላጎደልኩም፣ አንዲት ጣት አልጨመርኩም። ውሃ ልኩና ቱንቢው ይመስክሩ፣ በሕይወቴ እንደዚያ የጠራ ግንብ አልሠራሁም። እንደዚያ የማይረባም አልሠራሁም።

በመስከረም ተመረቀ። ከወረዳ አንድ ሰው መጥቶ፣ ቤቱን ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው፣ ስለ ቤቱ ለረጅም ሰዓት ተናገረ። «ቴክኖሎጂ ቤታችን ድረስ መጣ» አለ፤ ቤት ውስጥ ግን አልገባም፣ ጫማው ጭቃ ስለ ነበረ። ፈረንጁ መስኮቱ ፊት ቆሞ ገደሉን እያየ «በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ» ይላል። እህቴን አዲስ ነጠላ አልብሰው መስኮቱ ውስጥ አቁመው ፎቶ አነሷት። ከጎረቤት ጋጣ ላሚቱ የእመቤቷን ድምፅ ሰምታ ስትጣራ፣ እህቴ ነጠላዋን ወደ ጆሮዋ ሳብ አደረገች። ከጥር በኋላ ሃያ እንዲህ ያሉ ቤቶች እንደሚሠሩ እዚያው ተነገረ። ሰው አጨበጨበ። ካጨበጨቡት ውስጥ ጉንፋን የያዘው ጎረቤት ያለውም ሰውዬ ነበረበት፤ ከዳባት ድረስ ለምሳው መጥቶ።

ለኅዳር ሚካኤል ወደዚያው መንደር ወጣሁ። እህቴ «እኔ ዘንድ አትደር፣ እንግዳ አለብኝ» ብላ ስለ ላከችብኝ ዘመድ ቤት አደርኩ። ማለዳ፣ ሣሩ ላይ ውርጩ ገና ነጭ ሆኖ፣ ወደ ቤቷ ሄድኩ። በሩን ባንኳኳ መልስ የለም። በዚያ ትልቅ መስኮት አጮለቅሁ፤ መደቡ ላይ ሰው አላደረም፣ ምድጃው ቀዝቅዟል፣ መስታወቱ በውስጥ በኩል ውርጭ ይዟል። በውስጥ በኩል! ከጓሮ ሳል ሰማሁ።

ከኋላ ግድግዳ ጋር ተጠግታ የእንጨትና የጭድ ዳስ ነገር አቁማለች። እዚያ ውስጥ፣ ላሚቱ ተኝታ፣ እህቴ ሆዷ ሥር ኩርምት ብላ፣ በላይዋ ያ ፎቶ የተነሳችበት ነጠላና አንድ ደበሎ።

«እቴ!»

«ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል።»

«ይህን የመሰለ ቤት ሠርተንልሽ?»

«ቤቱ ደግ ነው። ብርድ ያስገባል እንጂ ደግ ነው።»

«ላሟን አታስገቢያትም ነበር?»

«በየት በኩል? በሩ ቀንዷን አያሳልፍም። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። በሦስተኛው የበሩን ቀለም ላጠችው፤ እንዳታይብኝ ጭቃ ቀብቼበታለሁ።»

«ታዲያ ላሟ ጎረቤት አትውልም፣ አታድርም?»

«ጎረቤት እስከ መቼ? እሷ እዚያ ስታድር ቤቱ ውስጥ እኔ ብቻዬን እበርዳለሁ። ደጅ ብቻዋን ብትሆን ጅብ አለ።» አሳላት፤ ሳሉ ከሆዷ ሥር ነው የሚመጣው። ክንዴን ያዘች። «ለልጄ እንዳትነግራት። ስሟ ነው። ሃያ ቤት ልታሠራ ነው።»

ያን ጊዜ ማንን እንደምጠላ አላውቅም ነበር። ያን ነገር እንዳልጠላው የተባለውን ነው ያመነው። ፈረንጁን እንዳልጠላው እሱ መንገደኛ ነው። ስልክ የሚሠራበት ጉብታ ላይ ወጣሁና ደወልኩ።

«አጎቴ! እማዬ ደኅና ናት?»

«ደኅና አይደለችም። ደጅ ነው የምታድረው፣ ላም ሥር።»

«የምን ላም?»

«እናትሽ ላም አላት። ላም ያልነበራት ቀን የለም።»

«ቅጹ ላይ እኮ…»

«ቅጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ‹የለም› ብዬ ስጽፍ ላሟ ከጀርባዬ ታመሰኳ ነበር።»

ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ? ሃሎ?» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «ስንቱ ነው እንዲህ የሆነው?»

«ሁሉም።»

«ሁሉም?»

«አንዲት የደባርቅ ባልቴት ብቻ እውነቱን ነግራኛለች። እሷንም ሰው አብዳለች ይላታል።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺ አይደለሽም የሰሙትን ይጻፉ ያልሽኝ?» አልኳት።

ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው ጥፋቱን በአራተኛ ክፍል ልጅ ላይ ሲያላክክ አስቡት። በዚያች ቃል ራሴን እስከ ዛሬ እንቀዋለሁ። ያን የዳባት ሰውዬ የናቅሁትን ያህል፤ ከዚያም በላይ፣ እሱስ ቢያንስ ያስቃል።

በሦስተኛው ቀን ደረሰች። እናቷን ዳሱ ውስጥ አይታ ቁጭ አለች፤ ጭዱ ላይ፣ በዚያ በከተማ ሱሪዋ።

«እማዬ፣ እኔን ትዋሺኛለሽ?»

«ልጅ ሆነሽ ከትምህርት ቤት መጥተሽ፣ ከከብት ጋር የሚያድር ሰው ሳንባው ይታመማል ብለሽ ፊትሽን ያዞርሽብኝ ቀን ትዝ ይልሻል? ከዚያ ወዲህ አንቺ በመጣሽ ቁጥር ላሟን ጎረቤት ነው የምሰዳት። አሥራ ምናምን ዓመት። ያች ላም መንገዱን ካንቺ በላይ ታውቀዋለች።»

ልጅቷ ልታለቅስ ነው ብዬ ሳስብ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። እኔ መዶሻዬን አነሳሁ።

መጀመሪያ መስኮቱን ከነመቃኑ ነቅዬ ቦታውን በድንጋይ ደፈንኩት። ገደሉ ከዚያ ወዲህ የት እንደሄደ እህቴ አልጠየቀችም። ከዚያ የኋላውን ግድግዳ፣ ያን የጠራ ግንቤን፣ ሰበርኩት። ዳሱ የነበረበት ላይ ወፍራም ግድግዳ ያለው ጋጣ አቆምኩ፤ በእንጨት ከመደቡ ከለልኩት፤ ለጭሱም ለሽታውም መውጫ ከላይ ከፈትኩ፣ እሱን ልጅቷ ናት ያሰበችው፣ ደግ አሰበች። የመግቢያውን ስፋት የወሰነችው ደግሞ የላሚቱን ቀንድ በሜትር እየለካች ነው። ላሚቱ ራሷን ስትነቀንቅ ሜትሩ ይወድቃል፤ ታነሳዋለች፤ ይወድቃል።

«ለዚህ ነው ውጭ አገር የተማርሽው?» አልኳት።

«ለዚህ ነው መሰለኝ» አለች፣ ሜትሩን በጥርሷ ይዛ።

እህቴ በታኅሣሥ ገባች። በጥር መጨረሻ ሳሉ ለቀቃት። ላሟን ለማንም አትደብቅም ማለት አልችልም፤ ወረቀት የያዘ ሰው ሲመጣ ዛሬም ጋቢ ትጋርዳለች። ግን ቤት ውስጥ ናት፣ ትሞቃለች።

ልጅቷ ለአለቃዋ ሁሉንም ጽፋ ላከች፤ ቅጾቹ ውሸት ናቸው፣ ሃያው ቤት በእነሱ እንዳይሠራ ብላ። የመጣውን መልስ አማርኛ አድርጋ አነበበችልኝ። ፎቶው በፈረንጁ አገር ለሰው ታይቶ በጣም ተወዷል፤ በተለይ መስኮቱ። ነገሩ ያሳዝናል፣ ግን ሥራው ብዙ ሄዷል። ላሟን ለጊዜው ከቤቱ ራቅ አድርጎ ማሰር አይቻልም ወይ ይላል። ልጅቷ ሥራውን ለቀቀች። ሃያው ቤት ሳይሠራ ቀረ፤ ድርጅቱም ወደ ሌላ አገር ሄደ። ያ ነገር ግን የእኔን ቅጾች በሆዱ እንደያዘ ነው የሄደው። ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም፤ የሆነ ደጋ ላይ፣ በኔ ቆንጆ ጽሕፈት ተመርቶ፣ ለማላውቃቸው ሰዎች ላም የማያስገባ ቤት እየነደፈ ይሆናል።

እሷ ግን ሙያዋን አልተወችም። ጎንደር ሆና፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ይዛ፣ ከዜሮ ጀመረች። «ማሽኑ አይደለም የዋሸን» ትለኛለች። እኔ አሁንም አላምነውም። ሆኖም ቤት የሚለካላት ሰው ስታጣ እኔው ሄድኩ፤ አንድ ነገር ግን አስቀየርኳት። ከብት አለ ወይ ብለን አንጠይቅም። ቤቱን ቀን ለክቼ እጨርስና፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከብት ከግጦሽ ሲመለስ፣ በሩ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። የገባውን እቆጥራለሁ። ሰዉ ይጠላኛል፤ እኔም ሰዉን ስለማልወደው ተስማምተናል።

የመጀመሪያው ቀን፣ ከደባርቅ ወጣ ብሎ፣ አንዲት ሴትዮ በጎቿን እየነዳች መጣች። ተቀምጬ ስታየኝ ደነገጠችና በጎቹን ከቤቷ አሳልፋ ወደ ማዶ ልትነዳ ሞከረች።

«ወዴት ነው የምትነጂአቸው?» አልኳት።

«ወደ በረታቸው።»

«በረቱ የት ነው?»

«ከዚያ ማዶ» አለች፤ ባዶ ሜዳ አሳየችኝ።

በጎቹ ግን ፊታቸውን አዙረው፣ በእግሯ መካከል ሳይቀር እየሾለኩ፣ አንድ ባንድ ወደ ቤት ገቡ። ዱላዋን ዘርግታ ከለከለች፤ ከሥሩ ገቡ።

«የጎረቤት በጎች ናቸው፤ ተሳስተው ነው» አለችኝ።

«ሰባቱም?»

«አንቱ ደግሞ! በቃ ይጻፉት እንግዲህ፣ ምን ያፈጡብኛል!»

ሰባት ብዬ ጻፍኩ። አህያዋ ከኋላ ቀርታ ስትመጣ ሴትዮዋ አንገቷን ያዘቻትና ወደ እኔ ዞረች።

«አህያዋን እንኳ ይተዉልኝ» አለች።

አልተውኩላትም።